ሃያ አራተኛዋ የነሐስ አበባ

የገዛ እህቷን በአንዲት የሻይ ማንኪያ ጠርጥራ አሥራ አንድ ዓመት ያኮረፈች ሴት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጠችበትን ወንበር በአንድ ቃል ለምን ለቀቀች? ሌኦካዲያ በምትኖርበት ሕንፃ ከምድር ቤቱ እስከ አራተኛው ፎቅ ይህን ያልጠየቀ ጎረቤት የለም። አንዱ "እርጅና ነው" ይላል። አንዷ "በገዛ ፈቃዷ መስሏችሁ ነው?" ብላ ከንፈሯን ታጣምማለች። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያውቅ ሰው እንኳ ቢጠየቅ፣ መልሱ አፉ ላይ ደርሶ ይመለሳል።

ወንበሩ ዋርሶ ውስጥ፣ ከቪስዋ ወንዝ በላይ ባለው ዳገት በቆመች አንዲት ትንሽ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ቤተ መንግሥቷ ሙዚየም ናት፤ ሌኦካዲያ የቢጫው ክፍል ጠባቂ ናት። ሥራዋ መቀመጥና ማየት ነው። ጎብኚ ሲገባ ትነሣለች፤ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ትከተለዋለች፤ ሲወጣ ትቀመጣለች። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄድ ጎብኚ አያስቸግራትም። እጁን ኪሱ የከተተውን ግን ከዓይኗ አታወጣውም። እየሣቀ የሚያናግራት ከሆነማ ከወንበሯ ተነሥታ እስኪወጣ ድረስ አትቀመጥም።

ወለሉ እንዳይጫር ጎብኚ ሁሉ መግቢያው ላይ ካለው ትልቅ ሣጥን የሱፍ ነጠላ ጫማ አንሥቶ፣ በገዛ ጫማው ላይ አጥልቆ፣ በክር ቋጥሮ ይገባል። በዚህ የተነሣ በዚያ ቤት ውስጥ ኮቴ አይሰማም። ሌኦካዲያ ከሥራዋ የምትጠላው ይህንን ብቻ ነው። "ሌባ ኮቴውን እንዲያጠፋ በመንግሥት ወጪ ሱፍ የሚታደለው እኛ ቤት ብቻ ነው" ትላለች።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ፣ ከተማዋ ስትነድ፣ ከአርባ ሰዎች ጋር አንድ ምድር ቤት ውስጥ ተደብቃ እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ ጫማዋ እግሯ ላይ የለም። ከአርባዎቹ አንዱ ነው የወሰደው፤ አርባዎቹም አብረዋት አለቀሱ። ከከተማዋ በጨርቅ በተጠቀለለ እግር ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያለቅስላት ትጠረጥራለች፤ ከዚያ ወዲህም ጫማዋን በጋዜጣ ጠቅልላ ከትራሷ ሥር ሳታደርግ ተኝታ አታውቅም። ባሏ በሠርጋቸው ሌሊት ይህን አይቶ አንድ ቃል አልተናገረም። ስለዚህ ከሰው ሁሉ እሱን ብቻ ግማሽ ያህል አመነችው። እሱም ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ጡረታዋ የወጣው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ወንበሯ በየዓመቱ የሚታደሰው በሙዚየሙ ኃላፊ በፓን ኦርሊትስኪ ፊርማ ነው፤ እዚያ አገር 'ፓን' አቶ፣ 'ፓኒ' ደግሞ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። ቤቷ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ሰዓት፣ በሩ ላይ ሦስት ቁልፍ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ መዋል ማለት ለእሷ በቁም መቀበር ማለት ነው። አምና ግን ወንበሩ ሊያመልጣት ለጥቂት ተርፏል። አንድ ሽማግሌ ቄስ ሲገቡ ከቀሚሳቸው ሥር አንድ ነገር አብጦ አየች፤ በሩን ዘግታ ጥበቃ ጠራች። ከቀሚሱ ሥር የወጣው በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦና በጨው የተቀመጠ ኪያር ነበር።

"ፓኒ ሌኦካዲያ፣ ቄሱ ይቅር ብለዎታል" አላት ኦርሊትስኪ ቢሮው አስጠርቶ። "እኔ ግን ቄስ አይደለሁም። አንድ ጊዜ እንኳ ቢደገም ቤትዎ ቁጭ ብለው ሻይዎን ይጠጣሉ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌኦካዲያ የምታየውን ሁሉ በሆዷ ትይዘው ጀመር።

በየማለዳው ሙዚየሙ ሳይከፈት የክፍሏን ዕቃ ትቆጥራለች። ስድስት ወንበር፣ ሁለት ሰዓት፣ አሥራ አንድ ሥዕል፤ በትልቁ በር ላይ ሃያ ሦስት የነሐስ አበባ። በሩ ሁለት መዝጊያ አለው፤ በእያንዳንዱ ላይ የአሥራ ሁለት አበባ ቦታ አለ። የግራው መዝጊያ ታችኛ ጥግ ላይ ግን አበባ የለም፤ የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ነው። ያቺ ጥግ ከጦርነቱ እሳት የተረፈች የድሮ እንጨት ናት ሲሉ ሰምታለች። ስለ አበቦቹ ግን ማንንም ጠይቃ አታውቅም። እዚያ ቤት ስትቀጠር አበቦቹ ቦታቸው ላይ ነበሩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ጠርጥራቸው የማታውቅ ነገር ቢኖር እነሱ ናቸው።

በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ቆጥራ ሃያ አራት አገኘች።

መነጽሯን ጠርጋ እንደገና ቆጠረች። ሃያ አራት። ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ባዶዋ ጥግ ላይ አንዲት አበባ ተሰክታለች፤ ጠቆር ያለች፣ ጠርዟ የተበላ። ጣቷን በላይዋ ላይ አስኬደች። ከጎኗ ያሉት ሁሉ ስምንት ቅጠል አላቸው። ይቺ ዘጠኝ ነው።

"ሐሰተኛ ናት" አለች በልቧ።

ከዚያ ነገሩ ራሱ እየተተረተረ መጣላት። ሰው በነፃ ነገር አይሰጥም። አንድ ሰው ሐሰተኛ አበባ አሠርቶ መጣ። መጀመሪያ ባዶው ቦታ ላይ ሞከራት፤ ጠባቂዋ ታያለች ወይስ አታይም ብሎ። ካላየች ቀስ በቀስ እውነተኞቹን እየነቀለ በሐሰተኛ ሊተካቸው ነው። አንድ ቀን ባለሙያ መጥቶ ሃያ ሦስቱም ሐሰተኛ ናቸው ሲል፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ማን ነበር የተቀመጠው? ሌኦካዲያ።

ለኦርሊትስኪ መንገር ደግሞ እንዴት ይሆናል? ዕቃ ጠፋ ብሎ የሚያመለክት ሰው አለ። ዕቃ በዛብኝ ብሎ የሚያመለክት የት ይገኛል? በሦስተኛው ቀን አላስችል ቢላት ለሮማና ነገረቻት። ሮማና የሰማያዊው ክፍል ጠባቂ ናት፤ ሌኦካዲያን 'ሎድያ' እያለች ታቆላምጣታለች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሹራብ ትሠራለች፤ ሹራቡ ሲያልቅ ማንም ለብሶት አይታይም። ይህንንም ሌኦካዲያ ልብ ብላዋለች።

"በክፍሌ በር ላይ አንድ አበባ በዝቷል" አለቻት።

"ጎድሏል ነው የምትይኝ?"

"በዝቷል ነው የምልሽ።"

ሮማና መርፌዎቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "እንግዲህ ሌባው ወደ ኋላ ነው የሚሰርቀው ማለት ነው። ወደኔ ክፍል ላኪልኝ ሎድያ፤ ሁለት የብር ሻማ መያዣ ቢጨምርልኝ ደስታዬ ነው።"

"ሣቂ አንቺ።"

"ምን ላድርግ? በቄሱ ጊዜ ያልሣቅኩትን ነው የምከፍለው።"

ሌኦካዲያ ከዚያ በኋላ ሮማናንም በጥርጣሬው ውስጥ አስገባቻት። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር።

ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አላት። ዓይኗን ስትጨፍን ዘጠኝ ቅጠል ይታያታል። ተነሥታ ሦስቱን ቁልፍ ትነካለች፤ ማንኪያዎቿን ትቆጥራለች፤ ጫማዋን ከትራሷ ሥር አውጥታ አይታ ትመልሳለች። ሲነጋ ወንበሯ ላይ ራሷ ወደ ፊት ይወድቃል፤ እንቅልፍ መጣ ማለት ሌባ መጣ ማለት ነውና ደንግጣ ትነቃለች።

በዚህ መሐል ነው ሰውየውን ልብ ያለችው። ልብ ስትለው ግን ለወራት ስታየው እንደነበር ገባት። ሐሙስ መግቢያ በነፃ ነው፤ እሱም የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ ቆቡን በእጁ የያዘ ሰው። ሥዕሎቹን አያይም። ሰዓቶቹን አያይም። በቀጥታ ወደ ትልቁ በር ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ የቀኝ እግሩ የሱፍ ነጠላ ይፈታበታል። ተንበርክኮ ያስራል። ሲያስር ፊቱ ከግራው መዝጊያ ታችኛ ጥግ ትይዩ ነው።

ከመቶ ጎብኚ የአንዱ ክር ሊፈታ ይችላል። በየሐሙሱ የሚፈታ ክር ግን የለም።

ሦስተኛው ሐሙስ ሲመጣ ሌኦካዲያ ወንበሯ ላይ ኮቷን ጥላ፣ ለአንድ ጉዳይ የወጣች አስመስላ፣ ከረጅሙ የሸክላ ምድጃ ጀርባ ቆመች። የራሷንም ጫማ በሱፍ ሸፍናለች። ሰውየው ገባ። ባዶውን ወንበር አየ። ወደ በሩ ሄዶ ተንበረከከ፤ ክሩን ግን አልነካም። አውራ ጣቱን አበባዋ ላይ አድርጎ፣ ትኩሳት እንዳለው ሕፃን ግንባር ዝም ብሎ ያዛት።

"እጅዎን ያንሡ" አለች ከኋላው።

ሰውየው ሳይዞር እጁን አነሣ። እርጋታው ይበልጥ አስጠረጠራት።

"ኪስዎን።"

መሐረብ፣ የትራም ቲኬት፣ የመነጽር ቤት፣ ግማሽ ብስኩት። በመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ በአንድ ደረደረላት።

"ፓኒ፣ እኔ ከዚህ ቤት ምንም አልወሰድኩም።"

"ወሰዱ አላልኩም። ምን አመጡ ነው የምልዎት።"

ይህን ጊዜ ፊቱ አመድ መሰለ። የትራም ቲኬቱን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንሥቶ፣ "ሰኞ ዝግ ናችሁ አይደል?" አላት። "ቤቴ ይምጡና የማሳይዎትን ይዩ። ከዚያ በኋላ ለፈለጉት ሰው ይናገሩ። ስሜ ቴኦፊል ነው።" በጀርባው አድራሻውን የጻፈበትን የትራም ቲኬት ሰጥቷት ሄደ። ጥበቃ ልትጠራ አፏን ከፍታ ቄሱ ትዝ አሏት፤ አፏን ዘጋች።

ግን ዝም ብላ መቆየትም አልሆነላትም። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ኦርሊትስኪን ኮሪደር ላይ አገኘችው።

"ፓን ኃላፊ፣ የክፍሌን በር በሚመለከት የማመለክተው ነገር አለኝ።"

"ሌላ ቄስ?"

"ቄስ አይደለም።"

"ማክሰኞ በጽሑፍ ያምጡልኝ" አለ ኦርሊትስኪ። "እኔም በጽሑፍ የምሰጥዎት ይኖረኝ ይሆናል።"

ሰኞ ዕለት ሌኦካዲያ አድራሻውን በታሸገ ፖስታ አድርጋ ለሮማና ሰጠቻት። "እስከ ማታ ካልደወልኩልሽ ለፖሊስ ስጪው።"

"ማን ቤት ነው የምትሄጂው?"

"የአንድ ሰው።"

"ወንድ ነው?"

"ሌባ ነው።"

"ሌባም ቢሆን ወንድ ነው" አለች ሮማና። "ቢያገባሽስ? ያኔም ለፖሊስ ልስጠው?"

ትራሙ ወንዙን ተሻገረ። ቴኦፊል የሚኖረው የጥንት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ አስቀመጣትና ሻይ በብርጭቆ አቀረበላት። እሱ ቀድሞ እስኪጠጣ ድረስ አልነካችውም። እሱም ገባው መሰለኝ፣ ከራሱ ብርጭቆ ሁለት ጊዜ ተጎንጭቶ፣ ከዚያ ብርጭቆዎቹን ቀያየራቸው።

"አሁን ይጠጡ" አላት።

ከግድግዳው ጋር አንድ ትልቅ ጥቁር ቡፌ ቆሟል። የመሐለኛው በሩ ላይ፣ በዓይን ትክክል፣ አንድ የነጣ ምልክት አለ። አበባ ነው፤ እንጨቱ ዙሪያውን በወጥ ቤት ጭስ ጠቁሮ፣ የተሸፈነው ቦታ ብቻ እንደ አዲስ ቀርቷል። ሌኦካዲያ ተነሥታ ቆጠረች። ዘጠኝ ቅጠል።

"አበባዋን የቸነከራት አባቴ ነው" አለ ቴኦፊል። "ስምንት ዓመቴ ነበር። እሱ ፍርስራሽ የሚያነሣ ቡድን አለቃ ነበር። አንድ ማታ በካፖርቱ ኪስ ይዟት መጣ። እናቴ ከየት ነው ብትለው፣ 'ከሞተ ቤት' አላት። አበባዋን እዚህ ቡፌ ላይ ቸነከራት። እሷን እያየሁ ሾርባ ጠጥቼ ነው ያደግሁት።"

"ለምን አልመለሰም?"

"ይቆዩኝ። በዚያው ዓመት ፌሊክስ የሚባል የቡድኑ ሠራተኛ አንድ የበር እጀታ ወሰደ ተብሎ ተከሰሰ። አባቴ ፍርድ ቤት ቆሞ መሰከረበት። 'የከተማዋን አጥንት የሚሰርቅ' አለው። ፌሊክስ ሁለት ዓመት ታሰረ፤ ሲወጣ ሳንባው አልቆ ነበር። አባቴ የዚያን ዕለት ከፍርድ ቤት መጥቶ ይቺ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ አበባዋን እያየ እራቱን በላ።" ቴኦፊል በጣቱ ወደ ወለሉ አመለከተ። "የፌሊክስ ልጅ ከኔ በታች ነው የምትኖረው። እስከ ዛሬ ደረጃ ላይ ስንገናኝ፣ 'አባትህ ቀጥተኛ ሰው ነበር፤ ያጠፋው አባቴ ነው' ትለኛለች።"

ሌኦካዲያ የሚያሳዝን ታሪክ ሲነገራት ቦርሳዋን ይበልጥ ወደ ጉያዋ ማስጠጋት ልማዷ ነው፤ አስጠጋች።

"ዕቃ ለሚመልስ ሰው እናንተ ጋ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ" አለ። "ስሙ መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ ይጻፋል፤ ከየት እንዳገኘው ይጠየቃል።"

"በፖስታ መላክ ነበር።"

"በፖስታ የሚመጣ ነገር መጋዘን ይገባል። የሷ ቦታ በሩ ነው። ሚስማሯን ወደ ቀዳዳዋ በአውራ ጣቴ ብቻ ነው የገፋሁት፤ ቁልፍ እንኳ እንደዚያ አይገባም።"

"አዋቂ ነዎት" አለች ሌኦካዲያ። "አንድ ነገር ግን ረሱ። የኔዎቹ ስምንት ቅጠል ናቸው። የእርስዎ ዘጠኝ። አንድ በር ላይ ሁለት ዓይነት አበባ የሚመታ ንጉሥ የለም። ሐሰተኛዋ የእርስዎ ናት።"

ቴኦፊል የሣቀ መሰላት፤ አልሣቀም።

"እኔ ምን ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ይመስልዎታል? የነሐስ ማቅለጫ ውስጥ ነበርኩ። ቤተ መንግሥቱ ሲታደስ የበሩን አበቦች ሥሩ ተብሎ የታዘዘው እኛ ጋ ነው። በሩ ተቃጥሏል፤ የተረፈ አበባ የለም፤ ያላቸው አንድ ደብዛዛ ፎቶግራፍ ነበር። ከእሱ ላይ ቆጥረው ስምንት ብለው ሥለው አመጡልን። እኔ የዚያን ዕለት ጠዋት ዘጠኝ ቅጠሏን እያየሁ ዳቦዬን በልቼ ነው ሥራ የገባሁት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩም?"

"'አንተ በምን አወቅህ?' ቢሉኝስ?"

ከታች ፎቅ አንዲት ሴት ሣህን ስታጥብ ይሰማል።

"ሃያ ሦስት ጊዜ ስምንት ቅጠል አፈሰስኩ" አለ ቴኦፊል። "የድሮዋ ጥግ እንዳለች ትቆይ ተብሎ ሃያ አራተኛዋ አልታዘዘችም። የእርስዎ ክፍል አበቦች የኔ እጅ ሥራ ናቸው። ያቺ አንዷ ብቻ ናት ያልሠራኋት።"

ሌኦካዲያ ጣቷን በምራቋ አርሳ የምልክቱን ጠርዝ ፈተገች። ጥቁሩ ቀለም ቢሆን ይለቅ ነበር። አልለቀቀም። ታሪክ ይፈጠራል፤ እንባም ይፈጠራል፤ የሃምሳ ዓመት የሾርባ ጭስ ግን በአንድ ሳምንት አይፈጠርም። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ምን እንደምታደርግ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃትም።

ትራሙ ውስጥ ግን እንደገና ጠረጠረች። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ለአንዲት አበባ ብሎ ይደክማል? ቦርሳዋን ከፍታ ያላትን ሁሉ ቆጠረች። ሁሉም አለ። ይህም አላረጋጋትም፤ ምንም አለመጥፋቱ ራሱ አዲስ ነገር ሆኖባታል። ቤቷ ስትደርስ ለሮማና ደወለች። ያን ሌሊትም አልተኛችም። አበባዋን ካገኘች ወዲህ ይህ ሃያ አምስተኛው ሌሊት መሆኑ ነው።

የማመልከቻው ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ሰውየውን ከነአድራሻው ብትጽፈው ወንበሯ እስክትሞት ድረስ የሷ ነው፤ ቄሱም ይረሳሉ። "የማመለክተው የለኝም" ብትል ደግሞ ኦርሊትስኪ በሩን ሳይመረምር አይቀርም፤ ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣውን ሰው መግቢያ ላይ ያሉትም ሮማናም አይተውታል።

ማክሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ፖስታውን ከሮማና ተቀበለች። እሽጉ እንዳልተነካ በመስኮት ብርሃን አየችው። አልተነካም። ሮማናን ትክ ብላ አየቻት።

"ምን ታዪኛለሽ?" አለች ሮማና።

"ምንም" አለች ሌኦካዲያ፤ ፖስታውን ቀዳድዳ ኮቷ ኪስ ከተተችው።

ኦርሊትስኪ በአራት ሰዓት መጣ። በአንድ እጁ ማጉያ መነጽር፣ በሌላው የታጠፈ ወረቀት ይዟል። ወረቀቱ ምን እንደሆነ ሳይከፈት ገባት፤ የስንብት ደብዳቤ ነው።

"ይኸው በሩ። ምን ሆነ?"

ሌኦካዲያ ወደ ታችኛዋ ጥግ አመለከተች። ኦርሊትስኪ ሱሪውን ሰብስቦ ተንበረከከ። መጀመሪያ ቀልድ ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ቆጠረ። አበባዋን በጥፍሩ ቀስ አድርጎ ሳባት፤ ወጣች። ከጀርባዋ ያለው ሚስማር በእጅ የተቀጠቀጠ፣ አራት ማዕዘን ነው። ቀዳዳውንም በማጉያው አየው። አበባዋን መዳፉ ላይ ይዞ ተነሣ።

"ይህን ማን አመጣው?"

ሌኦካዲያ የራሷን ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰማችው። "እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ከየት?"

"ከቤቴ። ልጅ ሆኜ ከፍርስራሹ አነሣኋት። ከዚያ አስቀመጥኳት። ሐሙስ ልነግርዎ ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ክፍል ሲጠብቁ፣ ከዚህ በር የተነቀለችው አንዷ እውነተኛ አበባ ቤትዎ ነበረች?"

"ነበረች።"

ኦርሊትስኪ ዓይኑን ከፊቷ አውርዶ ቦርሳዋ ላይ አደረገው። ሌኦካዲያ ያንን አስተያየት ታውቀዋለች። ቄሱን ያየችበት አስተያየት ነው፤ ስትታይበት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እንደጠበቀችው አላቃጠላትም።

"ሌላስ አለ?"

"የለም።"

"እንዴት አድርጌ ልመንዎት?"

"አይመኑኝ" አለች። ሌላ ሰው ምክር ቢጠይቃትም የምትሰጠው ይህንኑ ነበር።

ኦርሊትስኪ የታጠፈውን ወረቀት ኪሱ መለሰው፤ ለዚህ ነገር የሚሆን ወረቀት አልነበረምና። የሙዚየም ጠባቂ የሙዚየም ዕቃ ቤቷ መገኘቱ ከተሰማ ለቤቱ ስም እንደማይበጅ፣ ሰሌዳው ላይ የማንም ስም እንደማይጻፍ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ወንበሩ የሷ እንዳልሆነ፣ ስትወጣም ቦርሳዋ እንደሚፈተሽ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራት። አበባዋን ወደ ቢሮው ሊወስዳት ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ተመለሰና ተንበርክኮ ቀዳዳዋ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ ገፋት። ያለ ድምፅ ገባች።

"ባለሙያ እስኪመጣ እዚሁ ትቆይ" አለ፤ ለራሱ ይመስል።

ሮማና የሹራብ ኳሷን ይዛ በሰማያዊው ክፍል በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። "ሎድያ፣ አንቺ ከፍርስራሽ አበባ የምታነሺ ሰው አይደለሽም" አለቻት ቀስ ብላ። "ጫማ ባጣሽበት ጊዜ አበባ ታነሻለሽ?"

"አላውቅም" አለች ሌኦካዲያ። "ሹራቡን ጨርሺና ለአንድ ሰው ስጪው።"

መውጫው ላይ ቦርሳዋን ከፍተው አዩላት፤ ዳቦ፣ መነጽር፣ የትናንት ጋዜጣ። የፈተሻት ሰው ያፈረ ይመስላል፤ እሷ ግን ጎኑን ረሳህ ብላ የጎኑንም ኪስ ከፍታ አሳየችው።

ውጭ እርጥብ በረዶ ይጥላል። ወደ ወንዙ ማዶ የሚሄደው ትራም ፊቷ ቆሞ በሩ ተከፈተ፤ አልገባችም። ቴኦፊል ሐሙስ ይመጣል፤ ወንበሩ ላይ ሌላ ሴት ያገኛል፤ ይቺ ሴትዮ አሳልፋ ሰጥታኛለች ብሎ ይጠረጥራል። ከዚያ ተንበርክኮ አበባዋን ያያታል። ይጠርጥር፤ ለጥቂት ደቂቃ ማንንም አይጎዳም። እሷም ቢሆን ስለ እሱ የምታውቀው የነገራትን ብቻ ነው።

ቤቷ ስትደርስ ጫማዋ ውኃ ጠጥቶ ነበር። እንዲህ ሆኖ ከትራስ ሥር አይገባም። የትናንቱን ጋዜጣ ማሞቂያው አጠገብ ዘርግታ ጫማዋን ጎን ለጎን አቆመችው፤ ሲደርቅ እጠቀልለዋለሁ ብላ። በሩን ቆለፈች፤ ሦስቱንም። ሾርባ ልትጥድ አስባ ጋደም አለች፤ ለአፍታ ብላ። መስኮቱ ውጭ ጨልሟል፤ በዚያ ወር ፀሐይ ቀድማ ነው የምትገባው። ጫማዎቹን ከአልጋዋ ሆና አየቻቸው። ሁለቱም አሉ። ከዚያ የግድግዳ ሰዓቷን አየች፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ይላል። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ያየችው ነገር የለም።